ደብዳቤው ሳይሆን ግልባጩ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ሥራ በጀመርኩበት መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አንዲት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። አንድ ቀን ሒሳብ ጎደለ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። «በተጣለብዎት ኃላፊነት ላይ እምነት በማጉደልዎ…» ይላል። ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ዝርዝር አለ። ግልባጭ፦ ለአስተዳደር፣ ለሒሳብ ክፍል፣ ለውስጥ ኦዲት፣ ለሠራተኛ ማኅበር፣ ለጥበቃ አገልግሎት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለግል ማህደር።

ለጥበቃ አገልግሎት! ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ስንወጣ የእሳቸው ቦርሳ ብቻ ሁለቴ ይፈተሽ ጀመር።

ከሦስት ወር በኋላ የባንክ ገቢ ደረሰኙ በሌላ ፋይል ውስጥ ተገኘ። ለካ የጎደለ ነገር አልነበረም። ማስተካከያ ደብዳቤም ተጻፈላቸው፤ አንድ ገጽ፣ ማኅተም ያለው፣ በጨዋ አማርኛ የተጻፈ። ግልባጭ ግን የለውም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን የማየው ነገር ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥራ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ተዛውሯል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ይነሳና ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለበት ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ለምን ሲባል «ለሌሎች መማሪያ» ነው። ታዲያ አለቃ ስለ ሠራተኛው ክፉ ቃል ሲጽፍ ሕግ የሚከልለው እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ ለረጅም ዘመን ያላመጡት እንግሊዞች ናቸው። መልሳቸውን ያገኙትም ከትልልቅ ሰዎች ክርክር ሳይሆን ከገረድ፣ ከአናጢና ከኢንሹራንስ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ እነሱ ልውሰዳችሁ። ወደ እኛ አገር ሕግ እስክንመለስ ድረስ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የቤት ሠራተኛ ከአንድ ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ለመግባት የቀድሞ ጌታው ስለ ጠባዩ የሚሰጠው ቃል ያስፈልገው ነበር። ከእኛ «ተያዥ» ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ተያዥ ስለ ወደፊቱ ዋስ ሲሆን የእነሱ ስላለፈው መመስከሩ ነው። ያ ቃል ከሌለ እንጀራ የለም። ጌታው ግን ቃሉን የመስጠት ግዴታ አልነበረበትም። በ1800 አንድ ክስ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ በግልጽ ተናግሯል። ዝም ማለት ራሱ ፍርድ ነበር ማለት ነው።

ለጌቶቹ መንግሥት ቀድሞ አስቦላቸዋል። በ1792 የወጣ ሕግ ለማይገባው ሠራተኛ የሐሰት ምስጋና የሰጠ ሰው 20 ፓውንድ እንዲቀጣ ደነገገ። ያለ አግባብ ያመሰገነ ይቀጣል። ያለ አግባብ የነቀፈስ? በ1786 ሎርድ ማንስፊልድ ያሉበት ችሎት እንደወሰነው፣ ጌታው ለጠየቀው ሰው በቅንነት የተናገረ እንደሆነ፣ የተናገረው ስህተት ቢሆን እንኳ በስም ማጥፋት አይጠየቅም። ሠራተኛው ካሳ ለማግኘት ጌታው በክፋት እንደተናገረ ማስረዳት አለበት። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ክፋት በማስረጃ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ገምቱት።

እንግሊዞች ለዚህ ከለላ ልዩ ስም አላቸው። በአማርኛ «ቅድመ ሁኔታ ያለበት ከለላ» ልበለው። ፍጹም የሆነው ከለላ በምክር ቤትና በችሎት ውስጥ ለሚነገር ቃል ነው፤ እዚያ ውስጥ ክፋትም ቢኖር ተናጋሪው አይነካም። የመሥሪያ ቤቱ ከለላ ግን ሁኔታ አለበት። ሁኔታው ምንድን ነው የሚለውን ግልጽ ያደረገው የ1834ቱ የአናጢው ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፓይሪንግ የሚባል ሰው የዴቨን ኧርል ጭሰኛ ነው። ቤቱ ጥገና ስላስፈለገው የኧርሉ ወኪል ብሪንስደን፣ ቱጉድ የሚባል አናጢ ላከለት። ቱጉድ ሥራውን በቸልታ ሠራው፤ በሥራው መሀልም ሰከረ። ስፓይሪንግ አንዳንድ ነገሮችን አይቶ ሰውዬው የጓዳውን በር ሰብሮ፣ ከፖም የሚጠመቀውን መጠጡን ጠጥቶበታል ብሎ አመነ። ከሁለት ቀን በኋላ አናጢውን ሲያገኘው፣ ቴይለር የሚባል ሌላ ሰው ባለበት፣ «በሬን ሰብረሃል፣ ሰክረሃል፣ ሥራዬንም አበላሽተሃል» አለው። ቱጉድ ከሄደ በኋላ ደግሞ ለቴይለር ብቻውን፣ በሩን የሰበረው እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነኝ አለው። በዚያው ቀን ወደ ብሪንስደን ሄዶ አቤት አለና መጥቶ በሩን እንዲያይለት ለመነው።

ልብ በሉ። ተናጋሪው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ክሱም ያው አንድ ነው፤ በሩን ሰብሯል የሚል። ዳኛ ፓርክ ግን እንደ አንድ አላዩትም። ለብሪንስደን የተነገረው የተከለለ ነው አሉ። የላከው እሱ ነው፤ የሠራተኛው ነገር ያገባዋል፤ ስፓይሪንግም አቤት የማለት መብት አለው። ለአናጢው ፊት ለፊት የተነገረውም ቢሆን፣ በቅንነት ከሆነ፣ ሦስተኛ ሰው ስለሰማው ብቻ ከለላውን አያጣም። በቅንነት ነበር ወይ የሚለው ጁሪው የሚመዝነው ነው። አናጢው በሌለበት ለቴይለር የተነገረው ግን ከለላ የለውም። ቴይለር ምኑ ነው? ነገሩ አያገባው። ስፓይሪንግ የሚናገረውን ከልቡ ቢያምንበት እንኳ፣ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ለቴይለር በተናገረው ተጠያቂ ነው።

ይህን ፍርድ ደጋግሜ ሳነበው የሚገርመኝ ቀላልነቱ ነው። ከለላው የሰውየው ማዕረግ አይደለም፤ የቃሉም ጠባይ አይደለም። የመንገዱ ነው። ከማን ተነስቶ ወደ ማን ሄደ? ላኪው የመናገር ግዴታ ወይም የሚያስጠብቀው ጥቅም ነበረው? ተቀባዩስ የመስማት? ሁለቱ ከተገናኙ ሕጉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ቃሉ ከዚያ መንገድ ወጥቶ ወደ ቴይለር ጆሮ ሲገባ ሕጉ አብሮት አይሄድም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ በአብዛኛው «ቴይለር ማን ነው?» የሚለውን ሲያብጠለጥሉ የኖሩበት ነው። በ1891 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘንድ ፑልማን በሚባለው ጉዳይ የቀረበው ሁኔታ ለእኛ ቢሮ ሰዎች ልዩ ጣዕም አለው። አንድ ድርጅት ለሌላው ገንዘቤን በማጭበርበር ወስዳችኋል የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ለጸሐፊ በቃል ተነገረ፣ ጸሐፊዋ በታይፕ መታችው፣ አንድ የቢሮ ልጅ በመገልበጫ መሣሪያ ቀዳው። እዚያኛው ቢሮ ሲደርስም ፖስታውን የከፈተው አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ባልደረቦቹም አነበቡት። ፍርድ ቤቱ ቃሉ በእነዚህ ሁሉ እጅ ሲያልፍ «ለሦስተኛ ሰው ተሰራጭቷል»፣ ከለላም የለውም አለ። ነጋዴው ሁሉ ደነገጠ፤ ታዲያ ደብዳቤ በማን እናስጽፍ? በ1907 ሌላ ፍርድ መጥቶ ነገሩን አለዘበው፤ በተለመደው የሥራ አካሄድ፣ ለተከለለ ጉዳይ፣ በጸሐፊ እጅ ማለፉ ከለላውን አያፈርስም ተባለ። ተገቢ ነው። ነገር ግን «በተለመደው የሥራ አካሄድ» የምትለዋን ሐረግ ያዙልኝ፤ ብዙ አለቃ የሚደበቀው እሷ ሥር ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ1929ኙ ነው። ዋት የሚባል ሰው የአንድ የነዳጅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ይሠራል። እዚያው ያለ ብራውን የተባለ ሌላ ኃላፊ ለንደን ላለው ሎንግስደን ደብዳቤ ጻፈ። ሎንግስደን ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ነው። ደብዳቤው ዋትን ጠጪ፣ የውስኪ ዕዳውን ሳይከፍል የሄደና ከቤት ሠራተኛ ጋር የሚማግጥ አድርጎ የሚስል ነበር። ሎንግስደን ምን አደረገ? ለብራውን መልሶ ጻፈለት፤ እኔም ድሮ ጠርጥሬው ነበር፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማስረጃ ፈልግልኝ፣ ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገም ይወጣል ዓይነት ነገር። ደብዳቤውን ለኩባንያው ሊቀ መንበር አሳየ። ከዚያ፣ ማስረጃው እስኪመጣ እንኳ ሳይታገሥ፣ ለዋት ሚስት ሰጣት። ትዳሩ ፈረሰ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደብዳቤዋን እንደ አናጢው ክስ በየተቀባዩ ከፋፈላት። ለሊቀ መንበሩ መታየቷ የተከለለ ነው፤ ዋት የኩባንያው ሰው ነበር፣ ነገ ምስክር ወረቀት ጻፉልኝ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ሊቀ መንበሩም ማወቅ ይገባዋል። ለብራውን የተጻፈው መልስም እንዲሁ፤ የጋራ የሥራ ጉዳያቸው ነው። ለሚስቲቱስ? እዚህ ላይ ሊናገሩ የሚከብድ ነገር ነበር። ሚስት ስለ ባሏ መስማት አያገባትም የሚል ማን ነው? ከማንም በላይ ያገባታል እንጂ! ዳኛ ስክራተን ግን፣ የእሷ መስማት መፈለግ ብቻውን አይበቃም፣ ሎንግስደንም የመናገር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፣ ባልና ሚስት መካከል የሚገባ ሰው ሁልጊዜ ግዴታ አለበት ወይም ፈጽሞ የለበትም ማለት አይቻልም፣ በዚህ ጉዳይ ግን አልነበረበትም አሉ። ያልተጣራ ወሬ ነበር የያዘው። ስለዚህ ለሚስቲቱ በላከው ከለላ አጣ። ለሌሎቹ በላከው ደግሞ ክፋት እንዳለበት የሚያሳይ ማስረጃ ስላለ ያው እንዲመዘን ተባለ። ያንን በገንዘብም ቢሆን ማስረጃ ፈልግልኝ የሚለውን መልስ አስታወሳችሁ አይደል?

አንድ ደብዳቤ፣ ሦስት ተቀባይ፣ የተለያየ ዕጣ። የእኛ አገር አለቃ ይህን ቢያነብ ግልባጭ የሚለውን ቃል ሲጽፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል።

አንዳንድ ብልህ ድርጅቶች ከዚህ ተምረው ሌላ ዘዴ አመጡ፤ ዝምታ። ስለ ቀድሞ ሠራተኛ ሲጠየቁ ከሥራ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ከነመደቡ ብቻ ይናገራሉ። ምንም ካላልን ምንም አንከሰስም ነው ነገሩ። ይህ ዘዴ ችሎት የተፈተነው በአሜሪካ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ነው። አራት የአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኞች፣ ሴቶች ናቸው፣ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተልከው ሲመለሱ የወጪ ሒሳባቸውን እንዲቀይሩ ታዘዙ። ያወጣነውን እውነተኛ ወጪ ነው የጻፍነው፣ አንቀይርም አሉ። «ከባድ የትእዛዝ እምቢተኝነት» በሚል ተባረሩ። ኩባንያው ይህን ለማንም አልተናገረም። ሥራ ሊቀጠሩ ሲሄዱ ግን ለምን ወጣሽ ተብለው ይጠየቃሉ። ወይ መዋሸት አለባቸው፣ ወይ ክፉውን ስም በገዛ አፋቸው መናገር። በ1986 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰውን በራሱ አፍ ስሙን እንዲያጠፋ ያስገደደ፣ ያው ራሱ እንዳጠፋው ይቆጠራል አለ። ከለላው በመርህ ደረጃ ለኩባንያው ቢገባውም ክፋት ስለተገኘበት ቀረበት። በቅጣት መልክ የሚከፈለውን ተጨማሪ ካሳ ግን ፍርድ ቤቱ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ አይፈቀድም ብሎ ሰርዞታል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ሐሳብ አልተቀበሉትም፤ እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ያለን ሰው ሕይወት በትክክል ያየ ፍርድ ይመስለኛል።

የከለላው ግድግዳ በጎን የተቀደደው ደግሞ በ1994 እዚያው እንግሊዝ ነው። አስቀድሞ በ1974 የጌቶች ምክር ቤት ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ከለላ በጣም ሰፊ አድርጎት ነበር። ተናጋሪው ከልቡ እስካመነ ድረስ ግድ የለሽ ቢሆን፣ ጭፍን ቢሆን፣ አመዛዝኖ ያልደረሰበት ቢሆንም ክፋት አይባልም። ከዚያ ስፕሪንግ በጋርዲያን አሹራንስ ላይ የሚባለው ጉዳይ መጣ። ሰውዬው ከሥራ ተሰናብቶ ሌላ ኢንሹራንስ ዘንድ ሊቀጠር ሲሞክር፣ በዘርፉ ደንብ መሠረት የቀድሞው አሠሪ ስለ እሱ መጻፍ ነበረበት። የተጻፈው ሐቀኛ ያልሆነ፣ እምነት የማይጣልበት ሰው የሚል ነበር። ማን ይቀጥረዋል? አንዱ ዘጋበት፣ ሌሎቹም ዘጉበት። ዳኛው ሲመረምሩ ጸሐፊዎቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ የጻፉትን አምነውበታል። ነገር ግን በቅጡ አላጣሩም። በስም ማጥፋት ሕግ ቢሄድ ይሸነፋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በስም ማጥፋት የማይገኘውን በቸልተኝነት በር አስገብተን አንሰጥም ብሎ መለሰው። የጌቶች ምክር ቤት ግን 4 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሐሳቡን ገለበጠው። አሠሪ ስለ ሠራተኛው ሲጽፍ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት፤ ያ ግዴታ ከስም ማጥፋት ሕግ የተለየ ነው፤ ከለላውም እዚያ አይሠራም። ከቤት ሠራተኛዋ ዘመን ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስም ማጥፋትን ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ይደነግጋል። ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና ክብሩን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ቃል ነው። የተናገርኩት እውነት ነው ብሎ ያስረዳ ሰው አይጠየቅም፤ ያም ቢሆን ለመጉዳት ብቻ ብሎ ከሆነ ይጠየቃል። ስለ ሕዝብ ጥቅም ለሚሰጥ አስተያየት መከላከያ አለው፤ በምክር ቤትና በችሎት ለሚነገርም አለው። ስለ አለቃ ደብዳቤ፣ ስለ ሠራተኛ አቤቱታ፣ ስለ ምስክር ወረቀት ግን በስም የተጻፈ ከለላ የለም። በወንጀልም ቢሆን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 አለ።

የሕጉ ዝምታ አለቃውን ብቻ የሚያሰጋ መስሏችሁ ደስ እንዳይላችሁ። አለቃዋ ያስቸገራት ወጣት ሠራተኛ ለአስተዳደር አቤት ስትል «ስሜን አጠፋሽ» ተብላ ብትከሰስ፣ የቆመችበት መሬት ከስፓይሪንግ ይልቅ የሳሳ ነው። ምስክር የሌለበትን ነገር እውነት ነው ብላ በምን ታስረዳ? አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣል፤ የዕለት ተዕለት የቢሮ አቤቱታ ግን ሁልጊዜ ወንጀል ጥቆማ አይደለም። አቤቱታን የሚከልል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳን ግን የማይከልል ሕግ ነው የሚያስፈልገን። እነ ዳኛ ፓርክ የለዩትም ይህንኑ ነው።

አንድ የሚያኮራን ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን፣ የአሁኑ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ አሠሪ ለሠራተኛው ያለ ክፍያ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሚጻፈውም የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ነው። ጠባይ የለበትም። የ1800ዋ እንግሊዛዊት ገረድ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር! እርግጥ ነው፣ ደብዳቤው ሦስት መስመር ቢሆንም ቀጣሪው ስልክ ይደውላል፤ «ሰውየው እንዴት ነው?» ይላል፤ ከወዲያ በኩልም አንድ ረጅም ዝምታ ይመጣል። ያንን ዝምታ የሚያስቀርብ ችሎት እስካሁን አላየሁም።

ካሳውን አትጠይቁኝ። ያጣችሁትን ደመወዝ በማስረጃ ካሳያችሁ ይታሰባል። ለሞራል ጉዳት ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ብሎ የወሰነው በንጉሡ ዘመን ነው። ያኔ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ጓደኛ ምሳ ቢጋብዙበት ሒሳቡ ሲመጣ የሚያሳፍር ብር ነው።

እትዬ አልከሰሱም። ማስተካከያ ደብዳቤው በደረሳቸው ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ገለበጡት፣ ጀርባውንም አዩት። «ልጄ፣ ግልባጩስ?» አሉኝ። ከዚያ በምሳ ሰዓት ወጥተው በራሳቸው ገንዘብ ሰባት ፎቶ ኮፒ አስነስተው መጡ። ከበሩ ጀመሩ። የጥበቃ ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸውና «ፈርምልኝ» ሲሉት ፈረመ። አስተዳደር ፈረመ። ሒሳብ ክፍል ፈረመ፤ ኦዲት ፈረመ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቆሞ አነበበና እጃቸውን ስሞ ፈረመ። አንዱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ራሳቸው ለጠፉት። የቀረው መዝገብ ቤት ነበር። እዚያ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ ሸኚ ደብዳቤ የለውም ብሎ መለሰላቸው።